አርሶ አደሩ ማንን አይቶ ይከተላል?

ከአርባ ምንጭ ወጥቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ለሚጓዝ ሰው በግራው የጋሞ ደጋ ተራሮች፣ በቀኙ አባያ ሐይቅ አብረውት ይሄዳሉ። በመካከል ያለው ሜዳ ሙዝ ነው። ጫኖንና ላንቴን ይዞ የሚዘልቀው ይህ አካባቢ ለአዲስ አበባ ገበያ ሙዝ በማቅረብ በአገሪቱ ስሙ ቀድሞ የሚነሳ ነው። ከማሳ የወጣው አረንጓዴ ሙዝ በመንገድ ዳር በቅጠል ላይ ተከምሮ አይሱዙ ይጠብቃል፤ ጫኝና አውራጁ ይጯጯሃል፤ ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ይህ ሜዳ ዛሬ እንደምናየው ሙዝ የለበሰው ከጥንት ጀምሮ አይደለም። ቀድሞ በቆሎና ጥጥ ይበዛበት ነበር። ታዲያ ሙዝ እንዴት ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ተሻገረ? በዚህ አካባቢ አርሶ አደሩን “ሙዝ መትከል የጀመርከው ማንን አይተህ ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው የመሥሪያ ቤት ስም ሲጠራለት ብዙም አይሰማም። የሚጠራለት የጎረቤት፣ የአጎት፣ የአማች ስም ነው። እከሌ ተከለ፣ ልጆቹን አስተማረ፣ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ እኔም ከእሱ ችግኝ ለምኜ ጀመርኩ የሚል ታሪክ ነው።

በግብርና ሥራችን “ሞዴል አርሶ አደር” የሚለው ቃል በየሪፖርቱ፣ በየመድረኩ፣ በየምስክር ወረቀቱ ላይ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ቀላል ነው። በመዝገብ ላይ ሞዴል ተብሎ የተጻፈው ሰውና አርሶ አደሩ በልቡ “እሱን በሆንኩ” የሚለው ሰው አንድ ናቸው ወይ? አንድ ሲሆኑ ሥራው ይሠምራል። ሲለያዩ ግን የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ማሳውም እንደነበረው ይቀጥላል።

ሞዴል ገበሬ የሚለው አሠራር በአገራችን የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት፣ ብዙዎች ካዱ በሚለው አጭር ስሙ የሚያውቁት፣ ሞዴል ገበሬዎችን እየመረጠ ማሳቸውን የሌሎች መማሪያ ያደርግ ነበር። ከጋሞ በስተሰሜን ጎረቤታችን በሆነው በወላይታም እ.ኤ.አ. በ1970 ዋዱ የተባለው ተመሳሳይ ድርጅት ሥራ ጀምሯል። ካዱ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያን ለገበሬው በማስተዋወቅ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ሌላም ገጽ አለው። ምርቱ ሲጨምርና ትራክተር ሲገባ የመሬት ባለቤቶች መሬቱን ራሳቸው ማረስ መረጡ፤ ብዙ ጭሰኞች ከእርሻቸው ተነሡ። ዘሩ ያው ዘር፣ ማዳበሪያውም ያው ማዳበሪያ ነው። ለመሬት ባለቤቱ ምሳሌ የሆነው ለጭሰኛው መፈናቀያ ሆነ። ይህን የቆየ ነገር የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሰው ለሌላው አርአያ የሚሆነው ሌላው ሰው የእርሱን መንገድ መከተል ሲችል ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የሳሳካዋ ግሎባል 2000 ፕሮግራም ወደ አገራችን ሲገባ ያደረገው አንዱ መልካም ነገር ሠርቶ ማሳያውን ከምርምር ጣቢያ አጥር አውጥቶ በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ ማድረጉ ነበር። ግማሽ ሔክታር ያህል መሬት፣ የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የባለሙያ ክትትል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ገበሬው ራሱ። ጎረቤት አጥሩ ሥር ቆሞ ያያል። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ይህን አሠራር መነሻ አድርጎ አገር አቀፍ የኤክስቴንሽን ሥርዓት ዘረጋ። ቆየት ብሎም የግብርና ልማት ባለሙያዎች በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ዘርፍ ተመደቡ፤ የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከላት ተሠሩ፤ ከ2003 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የልማት ቡድንና አንድ ለአምስት ትስስር መጣ። በአንድ ለአምስት ውስጥ አንዱ ግንባር ቀደም፣ አምስቱ ተከታይ ናቸው። ሐሳቡ ጎረቤት ከጎረቤት ይማራል ከሚለው ከጥንቱ እውነት የተነሣ ነው።

ክፍተቱ የሚታየው በአመራረጥ ላይ ነው። ግንባር ቀደሙ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ መሬቱ ሰፋ ያለ፣ በሬ ያለው፣ ስብሰባ የማያመልጠው፣ ከባለሙያ ጋር የሚግባባ ሰው ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ባለሙያውም ሰው ነው፤ አዲስ ዘር ሲሰጠው ለማይከስር ሰው መስጠት ይመርጣል። ነገር ግን ሥልጠናው ለዚያ ሰው፣ የተሻሻለው ዘር ለዚያ ሰው፣ የልምድ ልውውጥ ጉዞው ለዚያ ሰው፣ በዓመቱ መጨረሻ ሽልማቱም ለዚያው ሰው ሲሆን ጎረቤቱ አንድ ነገር ይማራል። የሚማረው ስለ እርሻ አይደለም። “እሱማ ይችላል፤ ሁሉ ነገር ለእሱ ነው” ብሎ ይደመድማል። ከዚያ በኋላ ያ ማሳ የቱንም ያህል ቢያምር ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

በመስክ ጉብኝት ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መኪኖች በተርታ ይቆማሉ፤ ማሳው ታርሟል፣ ቦዩ ተጠርጓል፤ ባለማሳው በሚገባ ያስረዳል፣ ይጨበጨባል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ማሳ ግን የእንግዶቹ መንገድ አይደለም። እኔም በሥራዬ እንዲህ ባሉ ጉብኝቶች ላይ ቆሜ ፎቶ ያነሳሁባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ካሜራዬን ወደ ጎረቤቱ ማሳ ያዞርኩበት ቀን ግን ብዙ አልነበረም።

ወደ ሙዙ ልመለስ። ሙዝን በአግባቡ ለማልማት ከእናት ተክሉ ሥር ከሚወጡት ልጆች የትኛውን ማስቀረት እንደሚገባ ማወቅ ዋናው ነገር ነው። ቅጠሉ ጠባብና ሹል፣ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ልጅ ከእናቱ ሥር የጠነከረ ነው። ገና በትንሽነቱ ሰፊ ቅጠል የሚያወጣው ግን ለዓይን ያምራል እንጂ ደካማ ነው። ልምድ ያለው አርሶ አደር በአንድ ጉድጓድ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይቆርጣል። ጀማሪው ደግሞ ብዙ ግንድ ብዙ ዘለላ ይመስለውና ሁሉንም ይተዋል፤ ኋላም ዘለላው ሁሉ ይቀጭጭበታል። ይህን ከመንገድ ሆኖ በማየት ማወቅ አይቻልም። ችግኝ ሰጪው ጎረቤት ማጭድ ይዞ፣ አጠገቡ ቆሞ፣ “ይኼን ተው፣ ያንን ቁረጥ” ሲለው ነው የሚገባው። የላንቴና የጫኖ ሙዝ ከማሳ ማሳ የተሻገረው ችግኙና ምክሩ አብረው ስለተሰጡ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የውኃውም ነገር አለ። በሐሬ ወንዝ መስኖ የሚጠቀሙት ቀበሌዎች ብዙ ናቸው። ከላይ ያለው ሲጠጣ ከታች ያለው ይጠብቃል፤ በበጋ ወራት ተራ የሚጠበቀው በቀን ብቻ አይደለም፣ በሌሊትም ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከሁሉ የበለጠ ዘለላ አምርቶ ሽልማት ቢቀበል፣ ያንን ያህል ያመረተው ግን ከተራው ውጪ ቦይ እየሰበረ ከሆነ ከታች ያለው ጎረቤቱ እንደ አርአያ ሊያየው ይችላል? አይችልም። ጎረቤቱ ከእርሱ የሚማረው ነገር ቢኖር በሌሊት ቦይ መስበርን ነው። በወረዳ ደረጃ ሞዴል ሲመረጥ ምርት በኩንታል ይቆጠራል፤ የውኃ ተራ አከባበር ግን ሲቆጠር አላየሁም። የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አባላት ግን ማን ተራ እንደሚያከብር፣ ማን ለቦይ ጠረጋ ቀድሞ እንደሚወጣ በስም ያውቃሉ። መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከዚሁ መንገድ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚወጣው ዳገት ሌላ ዓለም ነው። በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ሙቀቱ ይቀራል፤ ጋቢ ያስፈልጋል። እንሰት፣ ገብስ፣ ድንች፣ ቀርከሃ። የጨንቻ አፕል ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። አፕል ወደ ጨንቻ የገባው በሚሲዮናውያን እጅ ሲሆን ለብዙ ዓመታት በጥቂት ግቢዎች ብቻ ተወስኖ ቆየ። በኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ችግኝን በማዳቀልና በማሠራጨት ወደ አርሶ አደሩ ጓሮ አወጣው። ዛሬ የጨንቻ ስም ሲጠራ አፕል አብሮ ይጠራል።

በደጋው ውስጥ ያየነውን ትምህርት ለመንገር ከራሴ ቤተሰብ ልጀምር። አያቴ በጓሮዋ የተከለችው አንድ የአፕል ዛፍ ነበራት። ችግኙን ገበያ ወጥታ ከማታውቀው ሻጭ ገዝታ ነው ያመጣችው፤ ምክንያቷም አንድ ጎረቤቷ አፕል ሸጦ ላም ሲገዛ ማየቷ ነበር። ዛፉ አደገ፣ በየዓመቱ አበባ አወጣ፣ አላፈራም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ጎረቤትየው ዓይነ ጥላ ነው ያለባት ተባለ፤ መሬቱ አይስማማውም ተባለ። ነገሩ ሌላ ነበር። አብዛኞቹ የአፕል ዝርያዎች በራሳቸው ብናኝ በደንብ አያፈሩም፤ በአቅራቢያቸው በተመሳሳይ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ ይፈልጋሉ። በቆላማ ሙቀትም ሆነ ባልበረደ ደጋ ይስማማሉ የሚባሉት አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ዝርያዎች በብዙ ቦታ አብረው የሚተከሉት አንዱ ለሌላው ብናኝ ስለሚሰጥ ነው። የጎረቤትየው ግቢ ውስጥ የተለያዩ ዝርያዎች ነበሩ። አያቴ ያየችው ፍሬውን ነው፤ ስንት ዓይነት ዛፍ እንዳለ አልቆጠረችም፤ እሱም አልነገራትም።

ለምን አልነገራትም? ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳስበው ቆይቻለሁ። ምናልባት አልጠየቀችውም። ምናልባትም እሱ ራሱ ምክንያቱን አያውቀውም። ወይም ደግሞ በዚያን ጊዜ በጨንቻ ከፍሬው ይልቅ ችግኙ ገንዘብ ያመጣ ነበርና፣ ችግኝ የሚሸጥ ሰው ምስጢሩን መዝራት አልፈለገም። ችግኝ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ደጋማ አካባቢዎች ሳይቀር እየተጫነ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ያልተደቀለ፣ ከዘር የበቀለ ችግኝ “የጨንቻ አፕል” እየተባለ የተሸጠለት ሰው ጥቂት አይደለም። ከዘር የበቀለ አፕል እናቱን አይመስልም፤ የሚፈለገውን ዝርያ ማግኘት የሚቻለው በመደቀል ብቻ ነው። እዚህ ላይ አርአያ የሚባለው ማን ነው? ብዙ ችግኝ የሸጠው ነው ወይስ መደቀልን ለጎረቤቱ ያስተማረው? በመዝገብ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው፤ ገቢው በብር ስለሚቆጠር።

የጋሞ ሕዝብ ይህን ጥያቄ ግብርና ቢሮ ከመቋቋሙ በፊት በራሱ ሥርዓት መልሶት ነበር። በደጋው ሀብት ያፈራ ሰው ክብር የሚያገኘው ሀብቱን በማከማቸቱ አልነበረም። ሃላቃ ሆኖ ለመሾም ደግሶ ማኅበረሰቡን ማብላት፣ ሥርዓቱን መጠበቅ፣ በሹመቱ ዘመን ራሱን በብዙ ክልከላ መግዛት ነበረበት። ሃላቃነት የአካባቢው ሰው በዱቡሻ ተሰብስቦ የሚመክርበትና የሚያጸድቀው እንጂ ሰው ለራሱ የሚወስደው ስም አልነበረም። አዲስ ሹም በመስቀል ሰሞን በገበያ ዞሮ ለሕዝብ ይታያል። የዘንድሮ ሙሽሮችም እንዲሁ በሶፌ ሥርዓት ገበያ ወጥተው ይታያሉ። በጎተራው ያለውን ለራሱ ያደረገ ሀብታም ሀብታም ነው እንጂ ሃላቃ አይደለም። እርግጥ ነው ይህ ሥርዓት የራሱ ችግር ነበረው። ለድግሱ ብሎ ዕዳ ውስጥ የገባ ነበር፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከክብሩ ርቀው እንዲኖሩ የተደረጉበት ዘመንም ረጅም ነው። ያንን መልሰን እናምጣ ማለቴ አይደለም። ክብርንና መስጠትን አንድ ላይ ማሠሩ ግን ዛሬም ይጠቅመናል።

አገር ሁሉ የጋሞን ስም በአክብሮት የጠራበት ቀን ደግሞ ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም መስከረም መጀመሪያ በቡራዩና አካባቢው በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች፣ ብዙዎቹም ሸማኔዎች፣ ሕይወታቸውን አጡ፣ ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጡና በወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከለመነ አልፎ መሄድ ጎሜ ነው። ወጣቱ ቆመ። በከተማዋ ይኖሩ የነበሩ ሌሎች ወገኖች ሕይወትና ንብረት ተረፈ። ያ ምስል ዛሬም በየቤቱ፣ በየስልኩ አለ።

ይህ በግብርና ገጽ ላይ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እነዚያ ሽማግሌዎች እኮ በአብዛኛው አርሶ አደሮች ናቸው። የድንበር ክርክር የሚዳኙት፣ የግጦሽ መሬት የሚያስከብሩት፣ የውኃ ተራ ሲጣስ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ወጣቱ የቆመላቸው በዚያን ቀን ስለተንበረከኩ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት ለብዙ ዓመታት በዱቡሻ ሲፈርዱ፣ ሲያስታርቁ፣ ራሳቸውን ሲገዙ ስላያቸው ነው። የአንድ ቀን ድፍረት የብዙ ዓመት ሥራ ተቀማጭ ነበር።

ከጋሞ ጋር ለረጅም ጊዜ በአንድ ዞን ሥር በኖረው በጎፋም አንድ የማይረሳ ነገር ሆኗል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ቤቶችን ሲቀብር ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት በዶማና በእጃቸው ሲቆፍሩ አፈሩ ዳግመኛ ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ለእርዳታ ሮጠው ከሞቱት መካከል የቀበሌ አመራር፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙበታል። የግብርና ባለሙያ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሪፖርት የሚያጋንነው፣ ቅዳሜ ከቀበሌው የሚጠፋው ነው። ጭቃ ውስጥ ቆፍሮ የቀረውም ባለሙያ መሆኑን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ከእኛ ውጪስ? በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ነዋሪዎች መሬታቸው ተራቁቶ፣ አካባቢውን ለቀው እንዲሰፍሩ እስከማሰብ ተደርሶ ነበር። እነሱ ግን በገብረሚካኤል ግደይ፣ ሰው አባ ሀዊ ብሎ በሚጠራቸው አርሶ አደር መሪነት ተራራውን ከልለው፣ እርከን ሠርተው፣ ውኃ አቁረው ምንጩን መለሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቀበሌው የኢኳተር ሽልማት ተቀበለ። በቡርኪና ፋሶ ያኩባ ሳዋዶጎ የተባለ አርሶ አደር በደረቀ መሬት ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ፣ ፍግ እየጨመረ፣ ዝናብ ሳይመጣ አስቀድሞ ሲያዘጋጅ ጎረቤቶቹ አብዷል አሉት፤ ያበቀለውንም ደን አቃጠሉበት። እሱ ግን ሥራውን ቀጠለ። እህሉ ሲበቅል ጎረቤቶቹ መጡ፤ በዚያን ጊዜ አልገፋቸውም፤ በግቢው ገበያ እያቋቋመ አሠራሩን አሳያቸው፣ ዘርም ተለዋወጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብሎ በ2023 አርፏል። ሁለቱም ሽልማቱን ያገኙት ሌሎች ከተከተሏቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ግን አንዳንድ ጊዜ መጀመሪያ ይሸለማል፣ ተከታይ ኋላ ይፈለግለታል።

የጋሞ ደጋ እርከንም ቢሆን በማንም ፕሮጀክት የተጀመረ አይደለም። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ነው። እርከኑን ማን በየክረምቱ እንደሚጠግን፣ ማን ድንጋዩ ሲወድቅ ዝም ብሎ እንደሚያልፍ መንደሩ ያውቃል። ከደጋው የተጠረገ አፈር መጨረሻው አባያ ሐይቅ ነው፤ የሐይቁ ውኃ ቀይ ቡናማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በላይ ያለው እርከኑን የጠበቀ ሰው በታች ላለው ሙዝ አብቃይ ቦዩን ከደለል ጠበቀለት ማለት ነው። ይህን ሰው ግን ላንቴ ያለው አርሶ አደር አያውቀውም፤ ማንም አስተዋውቆት አያውቅም። የወረዳዎቻችን የልምድ ልውውጥ ከተመሳሳይ ወደ ተመሳሳይ ነው፤ ሙዝ አብቃይ ሙዝ አብቃይን፣ አፕል አብቃይ አፕል አብቃይን ይጎበኛል። አንድ ቀን የሙዝ አብቃዮች በአይሱዙ ተጭነው ወደ ጨንቻ ቢወጡና የእርከን ጥገና ላይ አንድ ቀን ቢሠሩ ምን ይከፋል? ወጪው ከአንድ የመስክ በዓል ድንኳን ኪራይ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ሴቶቹን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በደጋው የቤተሰብ ምግብ መሠረቱ እንሰት ነው። እንሰቱን የሚፍቁት፣ የሚያብላሉት፣ ቆጮና ቡላ አድርገው ከቤት አልፎ ገበያ የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። የትኛው የእንሰት ዓይነት ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው ተቀቅሎ ለመብላት እንደሚሆን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በአንድ ጓሮ ሲገባ ቢላዋን በእሳት ሳያስነኩ ከተክል ተክል መቁረጥ በሽታውን እንደሚያዛምት ባለሙያዎች ይመክራሉ። ቢላዋው የሚገኘው በእናቶች እጅ ነው። ታዲያ ሥልጠናው የሚጠራው ማንን ነው? ብዙ ጊዜ አባወራውን። አባወራው ይሰማል፣ አበል ይቀበላል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ስለ ቢላዋው መናገሩን ግን ይረሳል። የዞናችንን ሞዴል አርሶ አደሮች ፎቶ ተሰቅሎ ያየ ሰው ከመካከላቸው የስንቷ ሴት ፎቶ እንዳለ ቆጥሮ ይመልከት።

ወጣቱስ ማንን ማየት ይፈልጋል? በዶርዜና በአካባቢው ለረጅም ዘመን የልጆች ዓይን ያረፈው ሽሮ ሜዳ ሄዶ፣ ሸምኖ፣ ለመስቀል አዲስ ልብስ ለብሶ በሚመለስ ዘመድ ላይ ነበር። ዮ ማስቃላ ሲደርስ መንገዱ ከአዲስ አበባ በሚመጡ መኪኖች ይሞላል፤ ልጁ ማን በምን መጣ ብሎ ይመለከታል። ዛሬ ደግሞ ሞተር ሳይክል ያለው፣ በስልኩ የሚነግድ፣ ሰሞኑን ወደ ውጭ የሄደ አለ። እርሻ ላይ የቀረው ወንድሙ ግን በመስቀል ዕለት ጭቃ የነካው ልብሱን ቀይሮ ከኋላ ይቆማል። እርሻን ሥራዬ ብሎ የያዘ፣ በሥራውም የሚኮራ የ20 ዓመት ወጣት ካላሳየነው ልጁን “እርሻ ክቡር ነው” እያሉ መምከር ዋጋ የለውም። ሰምቶ ሳይሆን አይቶ ነው የሚያምነው።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በመጪው ጊዜ ሞዴል ሲመርጡ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ ወጪም አይጠይቅም። ባለሙያው ዝርዝሩን ከማዘጋጀቱ በፊት በአንድ መንደር ላይ ከሃያ ከሰላሳ ሰው፣ ከባልም ከሚስትም፣ ለየብቻ “ባለፈው ዓመት ስለ እርሻ ማንን ሄደህ ጠየቅክ?” ብሎ ይጠይቅ። ሦስት አራት ጊዜ የተጠራው ስም የመንደሩ ሞዴል ነው። ያ ሰው መሬቱ ጥማድ ላይሞላ ይችላል፤ ስብሰባ ላይ የማይናገር፣ ምናልባትም ፊደል ያልቆጠረ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ዘሩንም፣ ሥልጠናውንም፣ ክትትሉንም ወደዚያ ሰው ይዞ ቢሄድ ሌላው ሰው ሳይጠራ ይመጣል፤ አስቀድሞም ይመጣ ነበርና። የሚሸለምም ከሆነ ከእርሱ የተማሩት ሰዎች ማሳ አብሮ ይጎብኝ። ተከታዮቹ ካልተገኙ ሽልማቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

የአያቴ አፕል መጨረሻ ምን ሆነ የሚል ይኖራል። አንድ የመንደሩ ሰው፣ በማንም ዝርዝር ላይ ስሙ የሌለ፣ በጓሮው ጥቂት ዛፎች ብቻ ያሉት፣ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ዛፉ አብቦ አይቶ ቆመ። የሌላ ዝርያ ዛፍ አቅራቢያ እንዳለ ጠየቃት። የለም አለችው። በጥር ወር ከራሱ ዛፍ ላይ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መጣ፤ ዛፏ ላይ ደቀለው፣ በፕላስቲክ አሰረው፣ እንዳይነካም አስጠነቀቃት። ገንዘብ አልተቀበለም፤ ቡና ጠጥቶ ሄደ። የተደቀለው ቅርንጫፍ አድጎ ሲያብብ ዛፉ በሁለት ዝርያ አፈራ። ከዚያ ወዲህ በየጥሩ የጎረቤት ልጆች እየመጡ ከዚያው ዛፍ ቅርንጫፍ ይጠይቃሉ፤ አያቴም የቱጋ እንደሚቆረጥ በጣቷ ታሳያቸዋለች።